ሽንት ምን ይናገራል? ትሪፕቶፋን ከበቆሎ እስከ ላብራቶሪ



«ሽንት ተመርምሬ ነጻ ነህ ተባልኩ» የሚል ወንድም በየዶርሙ አይጠፋም። ከምን ነጻ እንደሆነ ቢጠየቅ ግን ብዙዎቻችን መልስ የለንም። በየክሊኒኩ የምናውቀው የሽንት ምርመራ ባለቀለም ካሬዎች የተለጠፉበትን ቀጭን ስትሪፕ ሽንቱ ውስጥ ነክሮ የቀለሙን ለውጥ ማንበብና ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ስኳር፣ ፕሮቲን፣ ደም፣ የኢንፌክሽን ምልክት ካለ ያሳያል። ሰውነታችን የበላነውን ምግብ ምን እያደረገው እንደሆነ ግን አይነግረንም። ያንን የሚጠይቅ ሌላ ዓይነት ምርመራ አለ፤ ከእነዚህ አንዱ ትሪፕቶፋን የሚባለው ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ ተሰባብሮ በሽንት ሲወጣ የሚተዋቸውን ተረፈ ምርቶች መለካት ነው።

በዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገኝ ውጭ አገር በኢንተርኔት የሚሸጡ የሽንት ምርመራዎች የሚሰጡት ተስፋ ነው። አንድ ጠብታ ሽንት የጭንቀትን፣ የእንቅልፍን፣ የአንጀትንና የስሜትን ሁኔታ ሁሉ ይናገራል ይላሉ፤ ከውጤቱ ጋርም የሚዋጥ እንክብል አብሮ ይመጣል። እኔ የምህንድስና ተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገሩ ግን በዋናነት የልኬት ጥያቄ ነው፤ የምንለካው ምንድን ነው? በምን ሁኔታ? ቁጥሩስ ለየትኛው ጥያቄ መልስ ይሆናል?

ትሪፕቶፋን ፕሮቲን ከሚገነባባቸው 20 አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው። ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ግድ ነው። በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተት፣ በለውዝና በጥራጥሬ ውስጥ ይገኛል። የሚያስፈልገን መጠን ትንሽ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው በቀን በኪሎ ክብደት 4 ሚሊግራም ስለሆነ 60 ኪሎ ለሚመዝን ተማሪ 240 ሚሊግራም ይበቃዋል። ፕሮቲን ለመሥራት ያልዋለው ትሪፕቶፋን በተለያየ መንገድ ይሄዳል። እጅግ የሚበዛው፣ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው፣ በጉበት በኩል ካይኑረኒን ወደሚባለው መስመር ገብቶ በመጨረሻ ቫይታሚን ቢ3ን፣ ማለትም ኒያሲንን፣ ይሠራል። ጥቂቱ ሴሮቶኒንና የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነው ሜላቶኒን ይሆናል። አንጀት ውስጥ የቀረውን ደግሞ ባክቴሪያዎች ይበሉትና ተረፈው ኢንዲካን ሆኖ በሽንት ይወጣል። እያንዳንዱ መስመር የራሱን ዱካ በሽንት ውስጥ ይተዋል። የፋብሪካን ፍሳሽ አይቶ ውስጥ የትኛው ማሽን እንደቆመ እንደመገመት ነው።

ካይኑረኒን የሚለው ስም ራሱ ከሽንት የመጣ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ በ1853 እ.ኤ.አ. ካይኑረኒክ አሲድን ያገኘው ከውሻ ሽንት ውስጥ ነበር፤ ቃሉም በግሪክኛ «ውሻ» እና «ሽንት» ከሚሉት የተገጣጠመ ነው። (በሻፊዒ መዝሀብ ላደግን ሰዎች ያን ላብራቶሪ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ማጠብ ሳይኖርብን አይቀርም።) ትሪፕቶፋን ራሱ ተለይቶ የታወቀው ግን ከዚያ በኋላ በ1901 በእንግሊዛውያኑ ሆፕኪንስና ኮል ነው።

ሽንትን አይቶ ስለ ጤና መናገር ግን ከሊቢሽ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በ1037 እ.ኤ.አ. የሞተው ኢብን ሲና «አል-ቃኑን ፊ ጢብ» በሚባለው ሥራው ለሽንት ሰፊ ክፍል ሰጥቷል። በዐቂዳው ላይ ዑለማዎች የተናገሩት እንዳለ ሆኖ፣ በሕክምናው በኩል እኔን ያስገረመኝ ስለ ቀለማት የጻፈው አይደለም፤ ከዚያ በፊት ያስቀመጣቸው ሸርጦች ናቸው። ሽንቱ የጠዋት የመጀመሪያው ይሁን፣ ሰውየው ምግብም ውሃም ያልቀመሰ ይሁን፣ እንደ ዛዕፈራን ያለ ቀለም የሚሰጥ ነገር ያልበላ ይሁን፣ ዕቃው ንጹሕና ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን፣ ብዙ ሳይቆይ ይታይ ይላል። ጾም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካምና ቁጣ የሽንትን ቀለም እንደሚለውጡም ያስጠነቅቃል። ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና ከመወሰዱ በፊት የሚሰጠው መመሪያ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከላይ ያልኳቸው የኢንተርኔት ማስታወቂያዎች የሚዘሉት ይህንኑ ክፍል ነው።

ወደ ዋናው ምሳሌ ልግባ። ፔላግራ የሚባል በሽታ አለ፤ የኒያሲን እጥረት ነው። ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ እንደ ቃጠሎ ያለ ቁስል ይወጣል፣ ተቅማጥ ይከተላል፣ ሲብስ አእምሮን ያውካል፣ ይገድላልም። አንገት ዙሪያ እንደ ሐብል የሚወጣው ቁስል በመማሪያ መጻሕፍት የታወቀ ምልክት ነው። ቁስሉ ፀሐይን የሚከተል በመሆኑ ግን ሒጃብ በምትለብስ እህት አንገት ላይ ላይታይ ይችላል፤ በእጅ ጀርባ፣ በፊት ወይም በእግር ላይ መፈለግ ያሻል። ጤና ላይ ያላችሁ እህቶችና ወንድሞች ይህችን ያዙልኝ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ፔላግራ በጣም ብዙ ሰው ይጨርስ ነበር፤ ሐኪሞችም ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ዶክተር ጆሴፍ ጎልድበርገር ምክንያቱ ምግብ ነው አለ። በ1915 በሚሲሲፒ ምሕረት ተገብቶላቸው ፈቃደኛ የሆኑ እስረኞችን በአብዛኛው በበቆሎና በሽሮፕ ላይ በተመሠረተ ምግብ አቆያቸውና ከ11ዱ 6ቱ በሽታው ያዛቸው። ተላላፊ አለመሆኑን ለማሳየት ደግሞ እሱና ባልደረቦቹ የበሽተኞችን የቁስል ቅርፊት፣ ሽንትና ሰገራ በእንክብል አድርገው ዋጡ። ማንም አልታመመም። ኒያሲን መድኃኒቱ መሆኑ የታወቀው ጎልድበርገር ከሞተ በኋላ በ1937 ነው፤ ትሪፕቶፋን ብቻውን የኒያሲንን ቦታ ሊተካ እንደሚችል ደግሞ በ1945 በአይጦች ላይ ታየ። ዛሬ የሚሠራበት ስሌት 60 ሚሊግራም ትሪፕቶፋን ወደ 1 ሚሊግራም ኒያሲን ይለወጣል የሚል ነው።

ታዲያ በቆሎ ምን አጠፋ? ሁለት ነገር። ኒያሲን አለው፤ ነገር ግን አብዛኛው ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ስለተያዘ አንጀት አያወጣውም። ትሪፕቶፋን ደግሞ በጣም ያንሰዋል። የሜክሲኮ ሰዎች (አገሩን ማለቴ ነው፣ አደባባዩን አይደለም) በቆሎን በኖራ ውሃ ቀቅለው ስለሚፈጩት የታሰረው ኒያሲን ይፈታል፤ በቆሎን ወደ አውሮፓ የወሰዱት ግን እህሉን ይዘው ዘዴውን ትተውት ሄዱ። እኛም በቆሎን በንፍሮ፣ በገንፎ፣ በቂጣ፣ በክረምት በየመንገዱ ዳር በፍም ጠብሰን እንበላዋለን፤ ኖራ አናውቅም። የሚጠብቀን አብሮ የሚቀርበው ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ወተቱ።

የሽንቱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ኒያሲን ሲበቃው ትርፉን ኤን-ሜቲልኒኮቲናማይድ ወደሚባል ነገር ለውጦ በሽንት ያስወጣል። ሲያንሰው ይቆጥባል፤ ሽንቱም ይደርቃል። በ24 ሰዓት ሽንት ውስጥ ከ0.8 ሚሊግራም በታች ከሆነ እጥረት አለ ማለት ነው። ቆዳ ላይ ምንም ከመታየቱ በፊት ሽንቱ ይናገራል።

ይህ መንገድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1958 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጋራ ያቋቋሙት የአመጋገብ ኮሚቴ ኢትዮጵያ መጥቶ በወታደሮችና በሲቪሎች ላይ የአመጋገብ ጥናት አካሂዷል፤ ሪፖርቱም በ1959 ወጣ። ይህ ኮሚቴ በየአገሩ ይዞት የሚዞረው የሥራ መመሪያ የቢ ቫይታሚኖችንና ይህንኑ ኤን-ሜቲልኒኮቲናማይድ በሽንት መለካትን ያካትታል። በገጠር እየዞርክ የእያንዳንዱን ሰው የ24 ሰዓት ሽንት መሰብሰብ ስለማይቻል የመፍትሔ ዘዴያቸው አንድ ጊዜ የተሰጠ ናሙና ወስዶ በውስጡ ባለው ክሪያቲኒን ማካፈል ነበር።

ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው፤ አንድ ሰው በቀን የሚያስወጣው መጠን ብዙም አይለዋወጥም። ስለዚህ ሽንቱ ቢቀጥንም ቢወፍርም ሁለቱ አብረው ይቀጥናሉ፣ አብረው ይወፍራሉ። በረመዷን አስቡት። ከሱሁር በኋላ ብዙ ውሃ የጠጣ ተማሪ ሽንት በሊትር 1 ሚሊግራም ኤን-ሜቲልኒኮቲናማይድና 0.5 ግራም ክሪያቲኒን ቢኖረው፣ ያው ተማሪ ዐስር ላይ ጥቁር ቢጫ የሆነ ሽንት ሲሰጥ 3 ሚሊግራምና 1.5 ግራም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው በቀን ውስጥ ቫይታሚኑ በሦስት እጥፍ አደገ ይላል። ቢካፈል ግን ሁለቱም ጊዜ በግራም ክሪያቲኒን 2 ሚሊግራም ነው። ኮሚቴው ከ0.5 በታች የሆነውን እጥረት፣ ከ1.6 ጀምሮ ያለውን ደግሞ በቂ ብሎ ይመድብ ነበር፤ ተማሪያችን ደህና ነው። ክሪያቲኒንም ራሱ እንከን አለው፤ ጡንቻው የሳሳ ሽማግሌና ክብደት የሚያነሳ ጎረምሳ እኩል አያስወጡም። ለዚህ ነው አንድ ናሙና ስለ አንድ ሰው ከሚናገረው ይልቅ መቶ ናሙናዎች ስለ አንድ ቀበሌ የሚናገሩት የሚታመነው።

ይህ ልኬት ሕይወት ያዳነበትን፣ ሊያድን ሲችል ያልደረሰበትንም እናውቃለን። በ1990 ማላዊ ውስጥ ተጠልለው በነበሩ የሞዛምቢክ ስደተኞች መካከል በጥቂት ወራት ከ17,000 በላይ ሰዎች በፔላግራ ታመሙ። ራሽናቸው በቆሎ ነበር፤ ኒያሲን ያገኙ የነበረው አብሮ ከሚሰጠው ለውዝ ነው። የለውዙ አቅርቦት ተቋረጠ፣ በሽታው መጣ። አንጎላ ውስጥ ደግሞ የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ተመራማሪዎች ኩዊቶ በምትባል ከተማ አካባቢ የሴቶችንና የሕፃናትን ሽንት ሲለኩ፣ ቁስል የወጣባቸው ጥቂት ሆነው ሳለ በሽንታቸው እጥረት የታየባቸው ሴቶች ግን በጣም ብዙ ነበሩ።

ጀመዓችን ለተፈናቃዮች ሶደቃ ሲሰበስብ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ዱቄት፣ ዘይት፣ ብስኩት ነው። ዱቄቱ የበቆሎ ከሆነና ቤተሰቡ ለወራት ሌላ ነገር የማያገኝ ከሆነ ምን ሊጎድል እንደሚችል ከማላዊ አይተናል። በዚያው ገንዘብ ከዘይቱ ትንሽ ቀንሶ ምስር፣ ሽሮ ወይም ለውዝ መጨመር ይቻላል። እኔ ብጠየቅ ብስኩቱን አስወግደዋለሁ።

ሌላው መንገድ በቆሎውን ራሱን ማሻሻል ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አንድ የበቆሎ ዘረመል ትሪፕቶፋንና ላይሲን የተባለውን ሌላ አሚኖ አሲድ ወደ እጥፍ እንደሚያሳድግ ታወቀ። ፍሬው ግን ለስላሳ፣ ለነቀዝ የተጋለጠ፣ ምርቱም ዝቅተኛ ነበር። ሜክሲኮ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የበቆሎና ስንዴ ምርምር ማዕከል ኤቫንጀሊና ቪሌጋስና ሱሪንደር ቫሳል ለብዙ ዓመታት አዳቅለው ፍሬውን አጠነከሩት፤ በ2000 የዓለም የምግብ ሽልማትን በጋራ አገኙ። ወደ እኛ አገር የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ዲቃላ፣ ቢኤችኪውፒ 542፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ለገበሬ ተለቀቀ፤ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በካናዳ መንግሥት ድጋፍ ሰፋ ያለ ፕሮጀክት ተካሂዷል። ችግሩ ዓይን አይለየውም። ዘረመሉ የሚሠራው ከሁለቱም ወገን ሲወረስ ስለሆነ ከጎረቤት ማሳ የተራ በቆሎ ብናኝ በነፋስ መጥቶ ካረፈበት ፍሬው መልኩን ሳይለውጥ ጥቅሙን ያጣል። ስለዚህ ጥራቱ የሚረጋገጠው በላብራቶሪ ነው፤ የሚለካውም ትሪፕቶፋኑ ነው፣ ምክንያቱም ላይሲኑ ከእሱ ጋር አብሮ ስለሚሄድ አንዱን ማወቅ ሌላውን ለመገመት ይበቃል።

ለብዙዎቻችን የሚቀርበው ጉዳይ ግን ከበቆሎ ይልቅ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም። ቲቢ ያለበትን ሰው ወይም የተጋለጠን ሰው ለማከም የሚሰጠው አይሶናያዚድ ቫይታሚን ቢ6ን ያሟጥጣል። የካይኑረኒን መስመር ደግሞ ያለ ቢ6 አይሄድም። መሐል ላይ ሲቋረጥ የተጠራቀመው ወደ ጎን ፈስሶ ዛንቱረኒክ አሲድ ይሆንና በሽንት ይወጣል፤ ከብረት ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ቀለም ስለሚሰጥ በ1940ዎቹ ቢ6 በተነፈጉ አይጦች ሽንት ውስጥ የተለየው በዚሁ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰውን 2 ግራም ትሪፕቶፋን አጠጥቶ የ24 ሰዓት ሽንቱን መለካት የቢ6 መደበኛ ምርመራ ሆኖ ቆየ። መድኃኒቱን እየወሰደ እግሩን የሚወጋው ወይም የሚያደነዝዘው ተማሪ ካለ ምርመራ ፍለጋ መሄድ አይጠበቅበትም፤ ለሐኪሙ ይንገር፣ ሐኪሞች ቢ6 አብረው የሚያዙት ለዚህ ነው። መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቋርጥ ብቻ።

ይኸው ምርመራ አንድ ጊዜ ሰዎችን አሳስቷል። በ1960ዎቹ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የሚወስዱ ሴቶች ሽንት ውስጥ ዛንቱረኒክ አሲድ ከፍ ብሎ ተገኘና ቢ6 አነሳቸው ተባለ። በኋላ ሲመረመር እንክብሉ ውስጥ ያለው ኤስትሮጅን ራሱ የመስመሩን ኢንዛይሞች እንደሚነካ ታወቀ፤ በእርግዝናም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ትርጉሙ ነው የተሳተው። ካይኑረኒንም እንዲሁ ነው። ሰውነት ኢንፌክሽን ሲዋጋ፣ ለምሳሌ በቲቢ ጊዜ፣ ትሪፕቶፋን በብዛት ወደ ካይኑረኒን ይለወጣል። ነገር ግን በሌላ ኢንፌክሽንም፣ በካንሰርም ይጨምራል። እንደ ትኩሳት ነው፤ እሳት መኖሩን ይናገራል፣ የት እንደሆነ አይናገርም።

አሁን ወደ ሴሮቶኒን። ማስታወቂያዎቹ በብዛት የሚሸጡት እዚህ ላይ ነው፤ «ሽንትህ ሴሮቶኒን እንዳነሰህ ያሳያል፣ ድብርትህ ከዚያ ነው፣ ይህን እንክብል ውሰድ» ይላሉ። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንጀት ነው፤ ከደም ወደ አንጎልም አያልፍም። ስለዚህ በሽንት የሚወጣው የሴሮቶኒን ተረፈ ምርት በአብዛኛው የአንጀት ወሬ ነው። ሐኪሞች በእርግጥ ይለኩታል፤ ግን ካርሲኖይድ የሚባለውን ሴሮቶኒን የሚያመርት ብርቅ ዕጢ ለመፈለግና ለመከታተል ነው። ያኔም ታማሚው ከምርመራው በፊት ለጥቂት ቀናት ሙዝ፣ አቮካዶ፣ አናናስ፣ ቲማቲም እንዳይበላ ይነገረዋል፣ እነዚህ ራሳቸው ሴሮቶኒን ስላላቸው። ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ጠጥቶ ሽንት የሰጠ ተማሪ ዕጢ እንዳለው ሰው ሊመስል ይችላል!

እንክብሉም ቀልድ አይደለም። በ1989 በአሜሪካ ለእንቅልፍና ለስሜት ተብሎ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ትሪፕቶፋን ከ1,500 በላይ ሰዎችን በከባድ የጡንቻና የደም በሽታ አሳመመ፤ ከ30 በላይ ሞቱ። መነሻው በአንድ አምራች ምርት ውስጥ የተገኘ ብክለት እንደሆነ በምርመራ ታየ። ዛሬ የሚሸጡት ተመሳሳይ እንክብሎችም ከድብርት መድኃኒት ጋር ሲወሰዱ ሴሮቶኒን ከመጠን በላይ ጨምሮ አደገኛ ሁኔታ ሊያመጣ ይችላል። ስሜቱ የከበደበት፣ እንቅልፍ የራቀው፣ ሶላት እንኳ የከበደው ወንድም ወይም እህት ካለ ሽንቱ አይጠየቅም። ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ሰውና ሐኪም ነው የሚያስፈልገው፤ የአእምሮ ሕክምና መጠየቅም ከተወኩል ጋር አይጋጭም።

የ24 ሰዓት ሽንት የታዘዘላችሁ ካላችሁ አሰባሰቡ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስትነሱ ያለውን ሽንት ትደፉታላችሁ፤ ሰዓቱን ትጽፋላችሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ የሚቀጥለውን ቀን ጠዋት የመጀመሪያውን ጨምሮ፣ ጀሪካኑ ውስጥ ታጠራቅማላችሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ከተረሳ ቁጥሩ ስለሚበላሽ ለላብራቶሪው መናገር ነው እንጂ ውሃ መሙላት አይደለም። ጀሪካኑ ውስጥ አሲድ ተደርጎ ከተሰጣችሁ አታጥቡት፣ እጃችሁንም እንዳይነካ፤ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት። የወር አበባ ላይ ያለች እህት ደሙ ናሙናውን ስለሚነካው ቀኑን ማስቀየር ትችላለች። ናሙና መስጠት ጾምን አይነካም፤ ትሪፕቶፋን መጠጣት የሚጠይቅ ምርመራ ግን ከረመዷን ውጭ ወይም ከመግሪብ በኋላ እንዲሆን ቀድሞ መነጋገር ይሻላል። መጾማችሁንም ንገሯቸው፤ ውጤቱን ለሚያነበው ሰው አስፈላጊ መረጃ ነው።

ስለ ጦሃራ የሚጠየቀውም አለ። ከሽንት አለመጠንቀቅ ምን እንደሚያስከትል የሚያስተምረውን የሁለቱን ቀብሮች ሐዲስ በመድረሳ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ስለዚህ አንዳንዱ ናሙና መያዙ ራሱ ይከብደዋል። ለሕክምና ሐጃ ነጃሳን መንካት ችግር የለበትም፤ የነካውን አካልና ልብስ ማጠብ ነው። መታወቅ ያለበት ግን በሻፊዒ መዝሀብ ጠንካራው አቋም በደንብ የተከደነ የሽንት ጠርሙስ እንኳ ይዞ መስገድ ሶላትን ያበላሻል የሚለው ነው። ናሙናውን በኪሱ ወይም በጀርባ ቦርሳው ይዞ ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ዙህር የደረሰበት ሰው ቦርሳውን አውርዶ፣ ከሚሰግድበት ቦታ ራቅ አድርጎ ያስቀምጠው፤ መስጂድ ውስጥ ይዞ ከመግባትም ውጭ ለጓደኛ አስይዞ መስገድ ይሻላል። ሽንት መቆጣጠር የሚያስቸግረው ወይም ቱቦ የተደረገለት ሰው ሑክሙ ከዚህ ስለሚለይ ኡስታዞቻችንን ጠይቁ።